ፕሮሰሱ ለዘገየባት እህቴ

ጥያቄሽን ማታ አነበብኩት፤ ሳልመልስልሽ ማደር ከበደኝ። ባልሽ አሜሪካ ነው። አንቺን ወደዚያ ለመውሰድ ፎርሙን ካስገባልሽ ሁለት ዓመት አልፏል። ሰው ሁሉ «መቼ ነው የምትሄጂው?» ይልሻል። ከባልሽ ጋርም በሆነው ባልሆነው መነጫነጭ ጀምራችኋል። ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ፣ ልጅ ብንወልድስ ፕሮሰሱን ያበላሽብናል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «እናንተ ግን እንዴት ቻላችሁት?» ብለሻል። እኔን የያዘችኝ ይቺ ጥያቄ ናት።

እኔም እንዳንቺ ጠባቂዋ ነበርኩ። ባለቤቴ ያመለከተልኝ በግሪን ካርድ፣ ማለትም በቋሚ መኖሪያ ፈቃድ እያለ ነው። ወረቀታችን ተሟልቶ ቀጠሮ ስንጠብቅ ኮሮና መጣ። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የአሜሪካ ኤምባሲዎች በመላው ዓለም መደበኛ የቪዛ አገልግሎት አቆሙ። በኤፕሪል በወጣው አዋጅ ደግሞ የግሪን ካርድ ባለቤቶች የትዳር ጓደኞች ቪዛ ጭራሽ ታገደ። የሲቲዝኖቹ፣ ማለትም የአሜሪካ ዜጎቹ ሚስቶች አልተነካም፤ የእኛ ግን እስከ ፌብሩዋሪ 2021 ድረስ እንደታገደ ቆየ። እገዳው ሲነሳም ከፊታችን የተጠራቀመ ብዙ ፋይል ነበር። ስለዚህ የምጽፍልሽ የኖርኩትን ነው።

ሌላውን ሁሉ ብትረሺው አንድ ነገር ያዢልኝ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ትዳር ውስጥ ጥርጣሬ የሚገባው አንዱ የሚያየውን ሌላው ሳያይ ሲቀር ነው። ኢሜይሉ የሚመጣው ለእሱ ነው። አካውንቱ ያለው እሱ ስልክ ላይ ነው። አንቺ ጋ የሚደርሰው «እስካሁን ምንም አዲስ ነገር የለም» የምትል ወሬ ብቻ ነች። ይቺ ወሬ ስትደጋገም ዘመድ ጣልቃ ይገባል፤ «ለመሆኑ እውነት አስገብቶልሻል?» ይላል። አንቺም ትሰሚና ዝም ትያለሽ። አንድ ቀን ግን ሆድ ሲብስሽ ትጠይቂዋለሽ። እሱ ደግሞ ሁለት ሥራ እየሠራ «እንዴት ትጠረጥሪኛለሽ?» ብሎ ይከፋዋል። እኛም ጋ ኩርፊያው የጀመረው እንዲህ ነው።

ከዚያ አዙሪት የወጣነው ቁጥሮቹን ሁሉ ሲልክልኝ ነው። ዩኤስሲአይኤስ የሚባለው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚልከው ደረሰኝ ላይ በሦስት ፊደል ጀምሮ አሥር አኃዝ የሚከተለው ቁጥር አለ። ያንን ቁጥር ድረ ገጻቸው ላይ ያስገባ ሰው ፋይሉ የት እንደደረሰ ያያል፤ የባልሽ ፓስወርድ አያስፈልግሽም። ጉዳዩ ጸድቆ ወደ ኤንቪሲ፣ ከኢንተርቪው በፊት ክፍያና ሰነድ ወደሚሰበስበው የቪዛ ማዕከል ሲያልፍ ደግሞ የኬዝ ቁጥርና የኢንቮይስ ቁጥር ይመጣል። በሁለቱ ከራስሽ ስልክ ገብተሽ የትኛው ሰነድ ተቀባይነት እንዳገኘ፣ የትኛው እንደተመለሰ ማየት ትችያለሽ። መጀመሪያ የገባሁ ቀን የጫናቸውን የታክስና የደመወዝ ወረቀቶች አንድ በአንድ ከፈትኩ። ማታ ከሥራ ሲመለስ በስልኩ ያነሳቸው ናቸው። አንዱ ገጽ ጥግ ላይ አውራ ጣቱ አብሮ ወጥቷል። ያቺን ጣት ሳይ ስንት ጊዜ ስጠይቀው የነበረውን ነገር ዳግመኛ አልጠየቅኩትም። ባልሽን ዛሬውኑ ቁጥሮቹን ላክልኝ በይው። ስለምትጠረጥሪው ሳይሆን ሸክሙን ለሁለት ለመያዝ እንደሆነ ንገሪው፤ ደስ ይለዋል።

ከዚያ በኋላ ለኬዝ ወሬ ቀን ቆረጥንለት። እሑድ ስለ ፕሮሰሱ እናወራለን፤ በሌላው ቀን አይነሳም። መጀመሪያ ላይ የሚወራ ነገር ጠፋን፤ ለካስ ስንደዋወል የምናወራው ስለ ኤንቪሲ ብቻ ሆኖ ነበር። ቀስ እያለ ግን ስለ አለቃው፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስላነበብኩት ነገር ማውራት ጀመርን። ድረ ገጹን በየሰዓቱ መክፈትም ተውኩ። ለውጥ ካለ ኢሜይል ይመጣል። ገጹን ደጋግሞ መክፈት ፋይሉን አያንቀሳቅሰውም፤ የአንቺን ቀን ግን ይበላዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልግባ፤ የት እንደቆምሽ ስታውቂ ጭንቀቱ ራሱ ይቀንሳል። ባልሽ ሲቲዝን ነው ወይስ ግሪን ካርድ? አልጻፍሽም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ለሲቲዝን ሚስት በዓመት የተወሰነ ኮታ የለም፤ የሚያዘገያት የቢሮዎቹ ሥራ ብዛት ነው። የግሪን ካርድ ሚስት ግን ኤፍ2ኤ የሚባል ምድብ ውስጥ ናት፤ በዓመት የሚሰጠው ቪዛ የተወሰነ ስለሆነ ወረፋ አለው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየወሩ ቪዛ ቡለቲን ያወጣል። እዚያ ላይ ያለውን ቀን ከእናንተ ፕራዮሪቲ ዴት ጋር ታስተያያለሽ። ፕራዮሪቲ ዴት ማለት ባልሽ ያስገባልሽ ፎርም፣ አይ-130 የሚባለው፣ ገቢ የሆነበት ቀን ነው። አንዳንድ ወር የቡለቲኑ ቀን ወደ ኋላም ይመለሳል። ያን ጊዜ አትደንግጪ፤ የእናንተ ቦታ አይጠፋም።

ባልሽ ግሪን ካርድ ከሆነና ለሲቲዝንነት ጊዜው ከደረሰ ዛሬ ነገ ሳይል ያመልክት። ሲቲዝን በሆነ ቀን ከወረፋው ትወጫለሽ። የዜግነት ሰርተፍኬቱን ኮፒ ፋይሉ ላለበት ቢሮ መላክ ነው። የእኛም ጉዳይ የተፈታው በዚህ መንገድ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ልጅ ካለሽ በግሪን ካርዱ ጊዜ ባንቺ ፋይል ውስጥ አብሮ ይሄዳል፤ አባቱ ሲቲዝን ከሆነ በኋላ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው አይ-130 መግባት አለበት። ይሄን ሳያውቁ ለኢንተርቪው የቀረቡና እናትየው ቪዛ ስታገኝ ልጅ ወደ ኋላ የቀረባቸውን ሰዎች አውቃለሁ። በጣም ያሳዝናል።

ልጅ ብንወልድ ላልሽው፣ አያበላሽም። ቆንስሉ የሚያጣራው ትዳራችሁ እውነተኛ መሆኑን ነው፤ ልጅ ደግሞ ከማስረጃ ሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው። ባልሽ ሲቲዝን ከሆነና ልጁ ከመወለዱ በፊት ቢያንስ 5 ዓመት አሜሪካ ከኖረ፣ ከዚያም ውስጥ 2ቱ ዓመት ከ14 ዓመት ዕድሜው በኋላ ከሆነ፣ ልጁ ሲወለድ ጀምሮ አሜሪካዊ ነው፤ በኤምባሲው ታስመዘግቡታላችሁ። በግሪን ካርድ የኖረበት ጊዜም ይቆጠራል። ባልሽ ገና ግሪን ካርድ ላይ ከሆነ ደግሞ ልጁ መወለዱን ለኤንቪሲ አሳውቃችሁ ፋይልሽ ላይ ይጨመራል። የሴት ልጅ ዕድሜ ፕሮሰስ አይጠብቅም። መውለድ የምትፈልጉ ከሆነ የምትጠብቁት ነገር ባልሽ አንቺን ለማየት መምጣቱን ብቻ ይሁን።

ስለ መምጣቱ ካነሳሁ፣ ከቻለ በየጊዜው ይምጣ። ለትዳሩም ይጠቅማል፤ የፓስፖርቱ ማኅተምና አብራችሁ የተነሳችሁት ፎቶም ለኢንተርቪው ይሆናል። ግሪን ካርድ ከሆነ ግን በአንድ ጊዜ ከስድስት ወር በላይ አይቆይ፤ ለሲቲዝንነት የሚቆጠርለትን ጊዜ ሊያቋርጥበት ይችላል።

ሥራሽን አትልቀቂ። ይሄን እኔ ብቻ አይደለሁም የምልሽ፤ ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ሥራ አትልቀቁ፣ ንብረት አትሽጡ፣ ትኬት አትቁረጡ ብሎ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያሳስባል። «ልሄድ ነው» ብላ ሥራዋን ትታ ቤት የተቀመጠች ሴት ቀኑ እንዴት እንደሚረዝምባት አይቻለሁ። የራስሽ ገቢ ሲኖርሽ ባልሽም ይተነፍሳል። ኮርስ ካማረሽ ጀምሪ። እኔ ሒሳብ አያያዝ ተማርኩ፤ «አሁን ቪዛው ቢመጣ ታቋርጪዋለሽ» ያሉኝ ነበሩ። ጨረስኩት፤ ቪዛው ገና ነበር።

ከወረቀቱ በኩል በእጃችሁ ያለውን አታጓድሉ። ኤንቪሲ ከደረሳችሁ 325 ዶላር ለቪዛ ማመልከቻው፣ 120 ዶላር ባልሽ «እኔ እደግፋታለሁ» ብሎ ለሚፈርመው የስፖንሰር ፎርም ይከፈላል። የባልሽ ገቢ በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ከፌደራሉ የድህነት ወለል 125 በመቶ መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ጆይንት ስፖንሰር፣ ማለትም አብሮት የሚፈርም ገቢው የሚበቃ ሌላ ሰው ፈልጉ። አንድ ዓመት ሙሉ ከኤንቪሲ ጋር ምንም ሳትገናኙ እንዳታልፉ፤ ጉዳዩ ሊዘጋ ይችላል። ፓስፖርትሽና የፖሊስ ማስረጃሽ ጊዜ እንዳያልፍባቸው ካሌንደርሽ ላይ ጻፊ። አዲስ የታክስ ዓመት ከገባ አዲሱን ታክስ ያዘጋጅ። ለሜዲካል፣ ለቪዛው የሕክምና ምርመራ ግን የኢንተርቪው ቀጠሮ ሳይደርስሽ አትሩጪ፤ ውጤቱ ቢበዛ የሚያገለግለው ለስድስት ወር ስለሆነ በከንቱ ይቃጠልብሻል።

መግፋት ይቻላል ወይ? በመጠኑ። ዩኤስሲአይኤስ ድረ ገጹ ላይ ለየፎርሙ የሚወስደውን ጊዜ ያወጣል፤ የእናንተ ከዚያ ካለፈ ጥያቄ ማስገባት ይፈቀዳል። ሳያልፍ ብትጠይቁ የሚሰማችሁ የለም። ከዚያ በኋላ ባልሽ የሚኖርበትን አካባቢ የሚወክለው የኮንግረስ አባል ወይም ሴናተር ቢሮ አለ። ብዙ ሰው ይሄን ይፈራል ወይም የሲቲዝን ብቻ ይመስለዋል። የፈቃድ ቅጽ ያስፈርሙትና እነሱ ፋይሉን ለሚይዘው ቢሮ ይጽፋሉ። ቪዛ አያሰጡም፤ ግን ፋይሉ የት እንደተቀመጠ መልስ ያመጣሉ። ለእኛ ያቺ መልስ ትልቅ ነገር ነበረች። አስቸኳይ ይታይልኝ ማለትም ይቻላል፤ ለዚያ ግን እንደ ከባድ ሕመም ያለ በሐኪም ወረቀት የተደገፈ ምክንያት ያስፈልጋል። ናፍቆት ብቻውን አይበቃም፤ ባይበቃም አይፈረድብሽም።

መጨረሻው ፍርድ ቤት ነው። ማንዴመስ ይባላል፤ መንግሥት ከልክ በላይ አዘገየ ብሎ በፌደራል ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። ዳኛው ውሳኔ ስጡ ሊል ይችላል፤ ቪዛ ስጡ ግን አይልም። ክፍያው ከጠበቃው ጋር ይከብዳል። በእኔ አስተያየት ሌላው በር ሁሉ ተንኳኩቶ ሳያልቅ አይኬድበትም።

«ውስጥ ሰው አለኝ፣ ላስፈጥንልሽ» የሚልሽን ግን በምንም ዓይነት አትስሚ። ኬዝ በገንዘብ አይገፋም። ከመንግሥት የሚመጣ ኢሜይል አድራሻው የሚያልቀው በዶት ጎቭ ነው፤ ሌላውን አትክፈቺ። የደከመ ሰው ቶሎ ያምናል፤ እነሱም ይሄን ያውቃሉ። ጠበቃ ካስፈለገ ፈቃድ ያለው ይሁን።

ኢንተርቪው ደርሶም ወዲያው ላያልቅ ይችላል። ለእኔ 221ጂ የሚል ወረቀት ተሰጠኝ፤ ተጨማሪ ሰነድ ጠየቁኝ። ወረቀቱ ላይ ተከልክለሻል የሚል ቃል ስላለ እግሬ ከዳኝ። ጎደለ የተባለውን ስታስገቢ ፋይሉ እንደገና ይከፈታል፤ ለማስገባትም አንድ ዓመት አለሽ። ተጨማሪ ማጣራት የሚባለው ከሆነ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ማንም አይነግርሽም። ለዚህ ቀድመሽ ልብሽን አዘጋጂ፤ ለዘመድም የኢንተርቪውን ቀን አትንገሪ። እኔ ለእናቴ ብቻ ነው የነገርኩት።

«መቼ ነው የምትሄጂው?» ለሚልሽ ሰው አንድ አጭር መልስ አዘጋጂና ሁልጊዜ እሷን ብቻ በይ። «ሲደርስ እነግርሃለሁ» ትበቃለች። ማብራሪያ ከጀመርሽ ምክር ይከተላል፤ ከምክሩ ቀጥሎ «የእገሌ ሚስት እኮ ቶሎ ነው የሄደችው» ይመጣል። የእገሌ ሚስት ፋይል ሌላ ነው። እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ካልገባልሽ፣ ማልቀሱ ካልቆመ ግን ሐኪም ጋ ሂጂ። በናፍቆት ይታመማል፤ አያሳፍርም። ባልሽም ላይናገር ይችላል እንጂ እዚያ ብቻውን ባዶ ክፍል ውስጥ እየገባ ነው። አንዳንዴ «አንተስ እንዴት ነህ?» በይው።

መዘግየቱ አንድ ያልታሰበ ነገርም ያመጣል። አሜሪካ በምትገቢበት ቀን ጋብቻችሁ ሁለት ዓመት ካልሞላው የሚሰጥሽ ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሊያበቃ 90 ቀን ሲቀረው አይ-751 የሚባል ሌላ ፎርም ይጠብቃችኋል፤ ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ማስረጃ፣ ሌላ ጥበቃ። እናንተ ሁለቱን ዓመት ስላለፋችሁ የሚሰጥሽ የአሥር ዓመቱ ነው።

አሁን ሁለት ነገር መልሺልኝ፦ ባልሽ ሲቲዝን ነው ወይስ ግሪን ካርድ? ፋይላችሁስ ያለው ዩኤስሲአይኤስ ነው ወይስ ኤንቪሲ? ቁጥሩን እዚህ እንዳትለጥፊው፤ የት እንዳለ ብቻ ጻፊልኝ። ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበት አብረን እናያለን።