«መጀመሪያ ወንፊት አለህ?»፦ ከዱር ለመጣ ቦንሳይ ስለሚሆን አፈር ጥያቄና መልስ

ስለ ቦንሳይ (ጥልቀት በሌለው ሳህን ውስጥ አጥሮ ስለሚያድግ ዛፍ) አፈር የሚጠይቁኝ ሰዎች ማወቅ የሚፈልጉት ከምኑ ስንት እጅ እንደሚቀላቀል ነው። እኔ ደግሞ ወንፊት እንዳላቸው መልሼ እጠይቃለሁ። ቢሾፍቱ ተቀምጬ በአብዛኛው ወይራ አሳድጋለሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ጃፓኖች «ያማዶሪ» ስለሚሉት፣ ከተራራ ወይም ከገደል ጥግ በፈቃድ ተነቅሎ ስለመጣ ዛፍ ብቻ ነው። ከዘር ያበቀላችሁትን ሌላ ቀን እናነሳዋለን።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ ዛፉ ዕድሜውን ሙሉ አፈር ውስጥ ኖሮ እኛ ለምን ጠጠር ላይ እንተክለዋለን?

መልስ፦ ተራራው ወለል የለውም፤ ሳህኑ ግን አለው። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውኃ ውስጥ ንከርና በጠፍጣፋው ይዘህ ጠብታው እስኪያቆም ጠብቅ። ከዚያ በጠባቡ ጎን አቁመው። ሳትጨምቀው እንደገና ውኃ ይወርዳል። ስፖንጁ ያው ነው፤ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። ሳህን ውስጥም እንዲሁ ነው። ግርጌ ላይ ተይዞ የሚቀረው ውኃ ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚወስነው የአፈሩ ቁርጥራጭ መጠን እንጂ የሳህኑ ጥልቀት አይደለም። አፈሩ ደቃቅ ሆኖ ያ ውኃ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው የቦንሳይ ሳህን ውስጥ ለአየር የሚተርፈው 1 ሳንቲ ሜትር ነው።

ሥሩ የተሟላ ዛፍ ያንን ውኃ ጠጥቶ ይጨርሰው ይሆናል። ከዱር የመጣው ግን ውኃ የሚጠጡለትን ቀጫጭን ሥሮች እዚያው ጥሎ ነው የመጣው። አዲስ ሥር ለማብቀል ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ጭቃ ውስጥ ኦክስጅን አያገኝም። ስለዚህ ይበሰብሳል፤ ባለቤቱም ቅጠሉ ሲጠወልግ የጠማው መስሎት ውኃ ይጨምርለታል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከሳህኑ ሥር ጠጠር ባነጥፍስ?

መልስ፦ አይረዳም። ውኃው ከጠጠሩ በላይ ባለው ደቃቅ አፈር ውስጥ ተይዞ ይቀራል፤ አንተ ለሥሩ የነበረውን ቦታ አጠበብክ እንጂ ሌላ አልሠራህም።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ መጻሕፍቱ ሁሉ አካዳማ ይላሉ። እዚህ የለም፤ ከውጭ ማስመጣቱ ደግሞ ከዛፉ ይበልጥ ያስወጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አካዳማ ጃፓን ውስጥ ከካንቶ አካባቢ የሚቆፈር፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘ ሸክላማ ጠጠር ነው። ጥሩ ነገር መሆኑን አልክድም፤ ውኃና ማዳበሪያ ይይዛል፣ ሥር ደግሞ ሰንጥቆት እየገባ ይቀጥናል። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይፈረፍራል፤ ገና ላላገገመ ዛፍ እኔ አልመርጠውም። ደግሞስ አንተ አዳማ፣ እኔ ቢሾፍቱ ሆነን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከጃፓን እናስመጣ? የሆራ ሐይቅ የተኛው እኮ እሳተ ገሞራ ከፍቶት በሄደው ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ብሎኬት አምራቾች ዘንድ ሂድ። ፑሚስ የሚሉት ያ ነጣ ያለ፣ እግር ለመፈተግ የሚሆን ቀላል ድንጋይ ውስጡ በቀዳዳ የተሞላ ነው፤ ውኃውን በሆዱ ይዞ በቁርጥራጮቹ መካከል አየር ይተዋል። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀዩ ጠጠር ደግሞ ከበድና ሻከር ያለ ነው፤ ውኃ የሚይዘው ያንሳል፣ ዛፉ እንዳይወድቅ ግን ክብደት ይሰጣል። ገና ለመጣ ዛፍ ፑሚስ ብቻውን ይበቃል። ካገገመ በኋላ ሁለት እጅ ፑሚስ ለአንድ እጅ ሬድ አሽ እጠቀማለሁ፤ ግማሽ በግማሽ ብታደርገውም ዛፉ አይከስህም።

አሁን ወደ ወንፊቱ። ለትልቅ ዛፍ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለውን፣ በመዳፍ ለሚያዝ ትንሽ ዛፍ ከ2 እስከ 3 ያለውን አስቀር። ከ2 በታች ያለው ሁሉ ወደ አትክልት ቦታው መንገድ ይሂድ። የቀረውን ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ እጠበው። ከአንድ ጆንያ ግማሹ እንኳ አይተርፍም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳና አቧራውን አብሮ ይጨምራል። ያ አቧራ ነው ወርዶ ግርጌውን የሚደፍነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ድንጋዩን ሲሚንቶ ሳይነካው ውሰድ። እኔ አንድ ጊዜ ሲሚንቶ ሲቦካበት ከነበረ ክምር ዳር አፍሼ መጣሁ። የሁለት ወይራዎች ለጋ ቅጠል በአንድ ወር ውስጥ ቢጫ ሆነ፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀረ። ሲሚንቶ አፈሩን አልካላይን ሲያደርገው ዛፉ ብረት መውሰድ ያቅተዋል። አፈሩን ለውጬ አንዱን አተረፍኩ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሬድ አሽ እስካገኝ የወንዝ አሸዋ ልጠቀም? የተሰበረ ሸክላስ ይሆናል?

መልስ፦ አሸዋው ይቅርብሽ፣ እህቴ፤ ደቃቅ ነው፣ እርስ በርሱ ይገጣጠማል፣ አየር አይተውም። ሸክላው ግን ይሆናል። የተሰበረ ጀበናም ሆነ ምጣድ ቀጥቅጠሽ ንፊው፤ መጀመሪያ ጥቂት ቁርጥራጭ ለአንድ ሳምንት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊና በጣትሽ ጨምቂው። ከሟሟ በደንብ አልተተኮሰም፣ ተይው። እኔ ጎረቤቶቼን አስለምጃቸዋለሁ፤ ጀበና ሲሰበር ወደ ቆሻሻ ሳይሆን ወደ እኔ በር ነው የሚመጣው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ከመሬታችን ላይ አንድ ጽድ ከነጓሉ አውጥቻለሁ። የተራራውን አፈር ሙሉ በሙሉ አጥቤ በፑሚስ ልተካው ወይስ እንዳለ ልተወው?

መልስ፦ እንዳያጥቡት! ወይራ ቢሆን ሥሩን አራቁተው ቢተክሉትም ብዙ ጊዜ ይታገሳል። ጽድ ግን እንደ ፓይንና እንደ ሌሎቹ መርፌና ቅርፊት ቅጠል ያላቸው ዛፎች ከሥሩ ጋር ከሚኖሩ ፈንገሶች ጋር ተሳስሮ ነው የሚኖረው፤ ሁሉንም ሲያጥቡበት ቀጫጭን ሥሮቹም ይሄዳሉ። ከዳር ዳር የሚረግፈውን ብቻ ያራግፉ፣ መሐሉን ይተዉት፣ ዙሪያውን በታጠበ ፑሚስ ይሙሉ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ፑሚሱና የድሮው ጓል ውኃ የሚይዙት በተለያየ መንገድ ነው። ጓሉ አንዴ ከደረቀ ውኃው በፑሚሱ በኩል ሾልኮ ይወርዳል፤ ከታች ሲፈስ አይተው አጠጣሁ ይላሉ፣ መሐሉ ግን እንደ ጡብ ደርቋል። ተቃራኒውም አለ፤ ላዩ ደርቆ መሐሉ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀጭን የተሳለ እንጨት ጓሉ ውስጥ ሰክተው ይተዉ። ውኃ ከማጠጣትዎ በፊት መዝዘው ይዩት፤ ርጥብ ከሆነ ይቆዩ። በሁለት ወይም በሦስት ዓመት፣ ዛፉ በደንብ ሲያድግ ካዩ፣ የጓሉን ግማሽ በአንድ ጎን ያንሱ። ሌላው ግማሽ ሌላ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይጠብቃል።

ዛፉን የሚተክሉበትን ሣጥንም ከሥሩ ብዙ አያስፉት። ዛፉን ደግሞ በሽቦ ከሣጥኑ ጋር ጠፍረው ይሰሩት፤ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ትናንት የበቀለው ሥር ዛሬ ይቆረጣል። ከአፈር ምርጫ እኩል ዛፍ የሚገድለው ይህ ነው።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ ፈቃድ አውጥቼ ከሮኪ ተራሮች የጽድ ዘመድ አምጥቻለሁ። ክረምቱ በረዶ ነው። አካዳማ እዚህ ይሸጣል፤ ልግዛው?

መልስ፦ ለአሁኑ ተወው። ርጥብ አካዳማ በረዶ ሲሆንና ሲቀልጥ እየተሰነጠቀ ዱቄት ይሆናል። ፑሚስ እዚያው ምዕራብ አሜሪካ ሞልቷል። አንተ ያለህበት 1,600 ሜትር ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላዩን ስፋግነም በሚባል፣ ውኃ በሚይዝ የተከተፈ የሽበት ዓይነት ሸፍነው።

ጥያቄ (ከሐይፋ)፦ እዚህ ቱፍ የሚሉት አለ። ያው ነው?

መልስ፦ የጎላን እሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ የሬድ አሽ ወንድም በለው። ነፍተህ ተጠቀምበት። አንተን የማሳስብህ በውኃው ነው። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ካየህ ኖራና ጨው እየተጠራቀመ ስለሆነ፣ አልፎ አልፎ ከታች እስኪፈስ ደጋግመህ አጠጣው፤ የዝናብ ውኃ ካገኘህ ደግሞ አጠራቅም።

ጥያቄ፦ ፐርላይትስ?

መልስ፦ ያ በሙቀት የተነፋ ነጭ ቀላል ጠጠር ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ነፋስ ይወስደዋል። አልወደውም።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ድንጋይ ውስጥ ምግብ የለም። ዛፉ ምን ይበላል?

መልስ፦ አንቺ የምትሰጪውን። መጀመሪያ ላይ ግን ምንም አትስጪው፤ ለጋ ቅርንጫፍ አውጥቶ ሲዘረጋ ስታዪ ጀምሪ። ፑሚስ ማዳበሪያ ብዙ ስለማይዝ ቀጭን አድርገሽ ቶሎ ቶሎ ስጪ። ፍግም ሆነ ኮምፖስት ከላይ ይቀመጥ እንጂ ድብልቁ ውስጥ አይግባ፤ ሲበሰብስ ደቅቆ ያንን ሁሉ ወንፊትሽን ከንቱ ያደርገዋል። ውኃም በበጋ በየቀኑ ይፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን የወረደው ዝናብ ሁሉ አልፎ ይሄዳል፤ ጎረቤት አትክልቱን ከዝናብ ሲያሸሽ አንቺ ቡናሽን ትጠጫለሽ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ታጋንናላችሁ። አባቴ በዘይት ቆርቆሮ፣ በግቢ አፈር፣ 20 ዓመት ጽጌረዳ አሳድጓል።

መልስ፦ አባትህ ልክ ናቸው። ቆርቆሮው ጥልቅ ነው፤ ውኃ የያዘው ግርጌው ብቻ ነበር፣ ጽጌረዳውም ከላይ ተንፍሷል። ያንኑ አፈር በ6 ሳንቲ ሜትር ሳህን ይሞክሩት።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ድብልቄ ልክ መሆኑን ሳልተክል እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ጥልቀቱ ከሳህንህ ጋር እኩል የሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውሰድ፤ ግርጌውን ብሳና በፕላስተር ዝጋው። ታጥቦ የረጠበ ድብልቅ 1 ሊትር ለክተህ ጨምር። ውኃ ቀስ ብለህ አፍስስና ከላይ ብቅ ሲል አቁም። ከዚያ ፕላስተሩን ነቅለህ የሚወርደውን ውኃ በሌላ ዕቃ ተቀበል። የወረደው ውኃ አሁን አየር የያዘው ቦታ ማለት ነው። እኔ ከ200 ሚሊ ሊትር በታች ከወረደ ወደ ወንፊቱ እመለሳለሁ።