የሽንኩርት ጭማቂ ለልጄ ጆሮ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ዱባይ ነው። የ4 ዓመት ሴት ልጄ ሳል ይዟት ሰንብቶ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ደግሞ ጆሮዋን እያመማት ታለቅሳለች። ከሕንድ፣ ከኬረላ የመጡ ደግ ጎረቤት አሉኝ። አዩርቬዳ በሚባለው የሕንድ ባህላዊ ሕክምና ሽንኩርት ትልቅ መድኃኒት ነው ብለው፣ ጭማቂውን ከማር ጋር ለሳሉ እንዳጠጣት፣ ለጆሮዋም ለብ አድርጌ ጠብ እንዳደርግላት መከሩኝ። የ9 ወር ወንድሟም ስለሚያስለው ማሩን ለእርሱም ልሰጠው አስቤያለሁ። ደሴ ያሉት እናቴ ደግሞ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ጎረቤቴ ያመሰገኑትን የአዩርቬዳ ዱቄት ልልክላቸው ነው። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎት ሁለት ነገር ነው። በልጅዎ ጆሮ ውስጥ ምንም ነገር ጠብ አያድርጉ፤ ለ9 ወሩ ሕፃንም ማር አያቅምሱት።

ለወጥ ሽንኩርት ሲከትፉ ዓይንዎ የሚያነባው ለምን እንደሆነ ላስረዳዎት። ቢላው ሽንኩርቱን ሲቆርጠው፣ በየክፍሉ ተለያይተው የነበሩ ድኝ ያለበት ንጥረ ነገርና ኢንዛይሞች ይገናኛሉ፤ ወዲያው የሚተን ጋዝ ይፈጠርና ዓይንን ያቃጥላል። ጠብ ሊያደርጉት ያሰቡት ጭማቂ ይኸው ነው። ልጅ ጉንፋንና ሳል ይዞት ሰንብቶ ጆሮውን ሲያመው ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሽ ወይም መግል ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ተጠራቅሟል። ታምቡሩ ካልተቀደደ ጭማቂው ሕመሙ ካለበት ቦታ አይደርስም። ከተቀደደ ግን በቀዳዳው አልፎ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባል።

አንዲት እናት ልጇን ይዛ የመጣችበትን ቀን አልረሳውም። መመልከቻውን ወደ ልጁ ጆሮ ሳስጠጋ የሽንኩርቱ ሽታ ቀድሞ መጣ። ከመግሉ ጋር የተጣበቀች ስስ ነጭ ቁራጭ ነበረች፤ ቀስ ብዬ ሳወጣት ከጀርባዋ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ታምቡሩ ላይ አየሁ። እናቲቱ «እኔ ነኝ የበሳሁት?» ብላ አለቀሰች። አልነበረችም፤ ታምቡሩን የበሳው የመግሉ ግፊት ነው። ነገር ግን ጭማቂው በዚያች ቀዳዳ እየገባ ልጁን ሌሊቱን ሙሉ አስጩኾታል።

ለልጅዎ ሕመም ማስታገሻ የሚሆናት ፓራሲታሞል ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ለብ ያለ ጨርቅ ከጆሮዋ ውጭ ቢይዙላት ያረጋጋታል። ሕመሙ ከሁለት ቀን ካለፈ፣ ከጆሮዋ ፈሳሽ ከወጣ ወይም ትኩሳቷ 39 ዲግሪ ከደረሰ ሐኪም ይያት። ከጆሮዋ ጀርባ ያለው አጥንት ካበጠ ወይም ከቀላ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ወደ ሳሉ ስመለስ፣ የጎረቤትዎ ምክር ግማሹ ትክክል ነው። ማር ዕድሜያቸው ከ1 ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች የሌሊት ሳልን እንደሚያቀልል በጥናት ታይቷል። ለልጅዎ ከመኝታ በፊት ከግማሽ እስከ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃታል። ሽንኩርቱ መጨመሩ ብዙ ለውጥ የሚያመጣ አይመስለኝም፤ ሆዷን ካላወካት ግን አልከለክልዎትም። 1 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን በማር ውስጥ ሊኖር በሚችል የባክቴሪያ ዘር ምክንያት ቦቱሊዝም በሚባል ጡንቻን በሚያሰንፍ፣ ትንፋሽንም በሚያግድ በሽታ ሊያዝ ይችላል። ማሩን መቀቀል ይህን ዘር አይገድለውም።

አሁን ስለ አዩርቬዳው። ጎረቤትዎ የተናገሩት ከባዶ የመጣ አይደለም። ሽንኩርት በሳንስክሪት ፓላንዱ ይባላል፤ ቻራካ ሳምሂታ በሚባለው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍም ለነስርና ለሚደማ ኪንታሮት ተጠቅሷል። በአዩርቬዳ አስተሳሰብ ሰውነትን ቫታ፣ ፒታና ካፋ የተባሉ ሦስት ኃይሎች ያስተዳድሩታል፤ ሽንኩርት ቫታን ያረጋጋል፣ ካፋን ግን ያበዛል ይባላል። ለሆድም «ከባድ» ተብሎ ተመድቧል። ይህኛው ከዘመናዊው ሕክምና ጋር ይገጥማል፤ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ፍሩክታን የተባለ የስኳር ዓይነት አንጀታቸው በቀላሉ የሚታወክ ሰዎችን ይነፋል፤ ጥሬው ደግሞ ቃር ያስነሳል። በዚያው በሕንድ የጄይን ሃይማኖት ተከታዮችና ቪሽኑ የተባለውን የሂንዱ አምላክ የሚያመልኩ ብዙ ሰዎች ሽንኩርት ጨርሶ አይበሉም።

እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በደንብ የተማረ የአዩርቬዳ ባለሙያ ታማሚው ማን እንደሆነ፣ ዕድሜውን፣ ወቅቱን፣ የሆዱን አቅም ሳይጠይቅ መድኃኒት አይሰጥም። ከጎረቤትዎ ያገኙት ምክር ያንን ጥያቄ ሁሉ ትቶ ሽንኩርቱን ብቻ ይዞ ነው የደረሰዎት። ስለዚህ ለጎረቤትዎ እምቢ ቢሏቸው ባህላቸውን መናቅ አይሆንም፤ በአክብሮት ይንገሯቸው።

የእናትዎ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስጨንቀኛል። ሱዳን ውስጥ ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ 100 ግራም ጥሬ ቀይ ሽንኩርት ከበሉ በኋላ የስኳር ሕመምተኞች የደም ስኳር ለጥቂት ሰዓታት እንደወረደ አሳይቷል። ይህ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን ለማቆም አያበቃም። ሽንኩርቱን ከምግባቸው ጋር ይብሉት፤ መድኃኒታቸውን ግን እንዳያቋርጡ ደውለው ይንገሩልኝ።

ዱቄቱን አይላኩ። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ቦስተን አካባቢ ባሉ ሱቆች ከሚሸጡ የአዩርቬዳ ውጤቶች 70 ተመርምረው በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። እርሳስ አይሸትም፣ ምላስ ላይም አይታወቅም፤ ቀስ በቀስ ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል። የእናትዎ ኩላሊት ደግሞ ከስኳሩ ጋር እየታገለ ነው። እስካሁን ልከውላቸው መውሰድ ጀምረው ከሆነ፣ ዱቄቱን አቁመው ዕቃውን ከነምልክቱ ይዘው ለሚከታተላቸው ሐኪም ያሳዩ፤ በደማቸው ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠንና ኩላሊታቸው መመርመር እንደሚያስፈልግም ይንገሩት።