አንድ መስመር ውሃ እየጠጡ ኮሌራ ለምን አንዱን ሰፈር ብቻ ይይዛል?

ወንድማችን፣ የጠየቅከው ይሄን ነው፦ «እኛና ማዶ ያሉት የምንጠጣው ከአንድ የቧንቧ መስመር ነው፤ ኮሌራ የገባው ግን እኛ ጋ ብቻ ነው። ነገሩ የአየር ነው እንዴ?»

የአየር አይደለም። ኮሌራ ከበሽተኛ ሰገራ ወይም ትውከት ወጥቶ በውሃ፣ በምግብ ወይም በእጅ በኩል ሌላው ሰው አፍ ካልገባ አይዝም። ስለዚህ ውሃው ከዋናው መስመር ተነስቶ ብርጭቆ እስኪደርስ የት ላይ እንደሚበከል ነው መፈለግ ያለብህ።

ማዶ ውሃ ሳይቋረጥ ይመጣል፣ እናንተ ጋ ግን በፈረቃ ነው? ከሆነ የጥያቄህ ግማሽ እዚያው ተመለሰ። ውሃው በግፊት እየሄደ ሳለ ቧንቧ ቢሰነጠቅም ወደ ውጭ ነው የሚፈሰው። ሲቋረጥ ግን ግፊቱ ይጠፋና በስንጥቁ ዙሪያ የተጠራቀመው ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይሳባል። ክረምት ላይ ቦዩ ሞልቶ፣ ሽንት ቤቱ ገንፍሎ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ፈረቃ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደውን ለወለል ማጠቢያ አድርጉት እንጂ ለመጠጥ አትቅዱ።

ሁለተኛው የፈረቃ መዘዝ ማጠራቀም ነው፤ እኔ አብልጬ የምጠረጥረው ይሄን ነው። አፉ ሰፊ በርሜል ውስጥ ጣሳ ይንሳፈፋል፤ ልጁ ከሽንት ቤት መልስ እጁን እስከ አንጓው ነክሮ ይቀዳል፤ ጣሳውም መሬት ላይ ውሎ ተመልሶ ይገባል። ጧት ንጹህ የነበረ ውሃ ማታ የተበከለ ነው። አፈ ጠባብ ጀሪካን አዘንብሎ የሚቀዳ ጎረቤት ግን ያንኑ ውሃ እየጠጣ በደህና ያድራል።

ውሃ አጋር የሚባለውን ባለክሎሪን የውሃ ማከሚያ ፈሳሽ የሚጨምሩ ቤቶችም የሚሳሳቱባት ቦታ አለች። ለ20 ሊትር ጀሪካን አንድ ክዳን፣ ውሃው ከደፈረሰ ሁለት ክዳን ነው። ከዚያ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ጨምሮ ወዲያው መጠጣት ምንም አይጠቅምም። የደፈረሰውን አስቀድሞ በታጠፈ ንጹህ ነጠላ ማጥለል ይሻላል፣ ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋልና። ያከሙትን ውሃ እዚያው ቆሻሻ በርሜል ውስጥ የሚገለብጡትንማ ምን ልበል!

ትውከት የነካው ወለል ላይም ያው ነው፦ ቆሻሻው መጀመሪያ ይነሳ፣ ከዚያ አንድ ጣሳ 5 በመቶ በረኪና በ24 ጣሳ ውሃ በጥብጦ ማፍሰስ። ፀሐይ ላይ የሰነበተ በረኪና ኃይሉ አልቋል።

«የታመመውን ጤና ጣቢያ ወሰድነው፣ ታዲያ ለምን አልቆመም?» ለሚሉም፦ ባክቴሪያው ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምልክት አያሳዩም ወይም ቀላል ተቅማጥ ብቻ ይኖራቸዋል፤ ሆኖም ከ1 እስከ 10 ቀን በሰገራቸው ያስወጡታል። ምልክቱም ከ12 ሰዓት እስከ 5 ቀን ድረስ ሊዘገይ ስለሚችል ሰው ጤነኛ መስሎ ይጓዛል። ለዚህ ነው ለቅሶ፣ የቀን ሠራተኞች ካምፕና ጸበል በሽታውን የሚበትኑት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ፣ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል የሆነው ይኸው ነው፤ ብዙ ሕዝብ፣ ጥቂት ሽንት ቤት፣ ከዚያ ሁሉም ወደየአገሩ።

የሰውነት ነገርም አለበት። የጨጓራ አሲድ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በጥቂት ባክቴሪያም ሊያዝ ይችላል። ይሄን ሰፈር ውስጥ የሚያነሳው ሰው የለም።

አሁን የሰፈሩን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያዝና የታመሙትን ቤቶች ወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ። በአንድ ቅርንጫፍ ቧንቧ ላይ ተደርድረው ከተገኙ ስንጥቅ ፈልጉ፤ ከሽንት ቤት በ30 ሜትር ውስጥ ካለ የጉድጓድ ውሃ የሚቀዱ ከሆኑ ጉድጓዱን አስዘጉ። ተበታትነው ግን አንድ ድግስ የበሉ ከሆነ ጥፋቱ የምግቡ ነው። ምንም የማያገናኛቸው ከሆነ ወደ በርሜሉና ወደ ጣሳው ተመለሱ።

በከባድ ሁኔታ የታመመ ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ኦአርኤስ (የወጣውን ፈሳሽና ጨው የሚተካ ዱቄት) ቤት ውስጥ ይኑር፦ ፓኬቱ ባለአንድ ሊትር ከሆነ ሙሉው በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጠበጥ፣ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየው ይደፋ፣ መንገድ ላይም እየጠጣ ጤና ጣቢያ ይድረስ።