ሚስትሪ ሾፐር ለምትሰሩ ልጆች፣ ሪፖርቱን ለማታ አታቆዩት

የእህቴ ልጅ ባለፈው ደወለችልኝ፣ አንቲ ሶስት ሾፕ (አንድ ሾፕ ማለት አንድ ቤት ደንበኛ መስሎ ገብቶ ሪፖርት መጻፍ ነው) በአንድ ቀን ይዤ የሁለቱን ሪፖርት ሳላስገባ ሰዓቱ አለፈብኝ፣ ክፍያውም ሄደ፣ የበላሁት ሀምበርገርም ከኪሴ ሆነ አለችኝ፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። እኔ ደግሞ ሳቄ መጣ። በሷ የሳቅኩ መስሏት ተቀየመች፣ በራሴ ነው እንጂ፣ የዛሬ 17 አመት እኔም እንደዛው ነበርኩ። በስልክ ያልኳትን ሁሉ "እስቲ ጻፊው፣ ጓደኞቼም ያንብቡት" ስላለችኝ ይኸው።

ስራውን ለማታውቁት፣ ሚስትሪ ሾፐር ማለት እንደማንኛውም ደንበኛ ገብቶ ገዝቶ ወይ በልቶ የተስተናገደበትን ለድርጅቱ የሚጽፍ ሰው ነው። እዚህ አሜሪካ ስሙ የወጣለት በ1940ዎቹ ነው ይባላል፣ ያኔ ዋናው ጉዳይ ካሸሩ ገንዘብ እንዳይነካ መጠበቅ ነበር፣ አሁን ግን ካሸሩ ደንበኛውን ሰላም ብሏል ወይ፣ ምግቡ በስንት ደቂቃ ደረሰ፣ ሽንት ቤቱ ንጹህ ነው ወይ ነው። (በነገራችን ላይ ቼክ በፖስታ ልከው ባንክ አስገቡት፣ በሱ ጊፍት ካርድ ገዝታችሁ ቁጥሩን ላኩልን የሚሏችሁ ሌቦች ናቸው፣ ቼኩ ከቀናት በኋላ ውሸት ሆኖ ይመለስና ባንኩ እናንተን ይጠይቃል። በዚህ ስንት ሰው ተበልቷል።) በዚህ ስራ ሀብታም የሆነ ሰው አላየሁም፣ ለኔ የሆቴል ደሞዜ ላይ የሚደረብ ነው፣ የቤት ኪራይ ባይሆንም መብራትና ስልክ ይከፍላል።

የራሴን ልንገራችሁ። በጀመርኩ በሶስተኛው ወር ይመስለኛል አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አንድ ደህና ሬስቶራንት ደረሰኝ፣ ቅዳሜ ምሳ፣ የምግቡ 86 ዶላር ይመለሳል፣ ለኔ ደግሞ 15 ዶላር ይከፈለኛል። ሪፖርቱ እስከ እሁድ 12፡00 ኤኤም ይግባ ይላል። እኔ ሀበሻዋ እሁድ ማታ ስድስት ሰዓት ነው ብዬ ቁጭ፣ ጠዋት ቅዳሴ ሄጄ ከሰአት ቡና አፍልቼ ልብሴን ቀይሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን ብከፍተው ሾፑ የለም፣ ተዘግቷል። ለካ የነሱ እሁድ የሚጀምረው ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እኛ ጋ ቀኑ ሲነጋ ነው የሚጀምረው፣ የቅዳሜ ሌሊት የቅዳሜ ነው፣ እነሱ ጋ ግን አይደለም። 101 ዶላር በካሌንደር ልዩነት ሄደ፣ ያውም የአስራ ሶስት ወራችን ሳይጨመርበት። ከዛ ወዲህ 12፡00 ኤኤም ባየሁ ቁጥር በወረቀት "ከሱ በፊት ባለው ማታ" ብዬ በአማርኛ ፍሪጁ ላይ እለጥፋለሁ። ሲያትልና ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ደግሞ የማን ሰዓት እንደሆነ እዩ፣ ሰዓቱ የኢስተርን (የኛ የዋሽንግተኖቹ) ከሆነ የነሱ እኩለ ሌሊት የናንተ ማታ 9 ሰዓት ነው፣ በኛ አቆጣጠር ሶስት ሰዓት፣ ገና እራት ሳትበሉ አለቀ ማለት ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፣ ሪፖርት የሚዘገየው ማታ ስትጽፉ አይደለም፣ ቀን ሾፑን እሺ ብላችሁ ስትቀበሉ ነው። አንድ ሾፕ 20 ደቂቃ ነው ብላችሁ ታስባላችሁ፣ እውነት ነው ውስጥ ያላችሁት 20 ደቂቃ ነው፣ ግን መመሪያውን ማንበብ አለ፣ መንዳት አለ፣ ቤልትዌይ (ዋሽንግተንን የሚዞረው መንገድ) ከሰአት በኋላ እንዴት እንደሚቆም ታውቁታላችሁ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ማስገባት አለ፣ ጽሁፉ ብቻውን ለኔ እስካሁን አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሶስት ሾፕ ማለት ሶስት ሰዓት ጽሁፍ ነው፣ ያውም በዛው ሌሊት። በተለይ የወር መጨረሻ ተጠንቀቁ፣ ስኬጁለሮቹ (ሾፑን የሚያድሉን ሰዎች) ያልተሰራው እንዲያልቅላቸው ዋጋ ይጨምራሉ፣ የ8 ዶላሩ 20 ይሆናል፣ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል አውቀዋለሁ፣ ያየሁት ሁሉ ያምረኛል የሚሉት አይነት ነው። እኔ በስራ ቀን ከአንድ አልበልጥም፣ በእረፍቴ ሁለት፣ አለቀ።

ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ሰዓት ነው የሚፈልጉት፣ ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ገባሽ፣ በስንት ሰከንድ ሰላም አሉሽ፣ መቼ አዘዝሽ መቼ መጣ። በጭንቅላት አይያዝም። ወረቀት አውጥታችሁ ብትጽፉ ደግሞ ታወቀባችሁ። እኔ ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ፣ ለእህቴ ቴክስት አደርጋለሁ፣ በአማርኛ ፊደል። "ገባሁ" ብዬ እልካለሁ፣ "ሰላም አለኝ"፣ "አዘዝኩ"፣ "መጣ፣ ድንቹ ቀዝቅዟል"። ስልኩ ራሱ ሰዓቱን ይመዘግብልኛል፣ ካሸሩ አንገቱን አስግጎ ቢያየው እንኳን አያነበውም፣ ሰው ደግሞ ስልኩን ሲነካካ ማን ይጠረጥራል። እህቴ መጀመሪያ ግራ ገብቷት "ማነው ሰላም ያለሽ፣ ምን ሆነሻል?" እያለች ትደውል ነበር፣ አሁን ለምዳ "ኬቻፕ ጠይቂልኝ" ብላ ትመልሳለች።

ያስተናገዳችሁን ሰው ቁመት ሲጠይቋችሁ ደግሞ በሜትር እያሰባችሁ አትጨነቁ፣ የነዳጅ ማደያ ሱቆች በር ላይ በኢንች የተለካ ባለቀለም መስመር አለ፣ ሌባ ሲወጣ ቁመቱን ለማየት ያደረጉት ነው፣ እኛም እንጠቀምበታለን። የሌለበት ቤት ከራሳችሁ ጋር አስተያዩ፣ እኔ 5 ጫማ ከ4 ነኝ፣ ከኔ በአንድ መዳፍ የሚበልጥ 5 ከ7 ነው።

ከዛ መኪና ውስጥ ግቡ፣ ወደ ቤት ሳትነዱ በድምጽ ቅዱ። እዚህ ጋ ነው ሁሉም ያለው። ዴድላይኑ እኩለ ሌሊት ነው፣ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያለው ግን አንድ ሰዓትም አይቆይም። ካሸሩ ምን እንዳለ ቃል በቃል፣ ስም ታጉ ላይ ያለው ስም፣ መነጽር አለው የለውም፣ ወለሉ ላይ የወደቀ ነገር ነበር ወይ፣ ይሄን ከሱቁ ራቅ ብላችሁ አቁማችሁ አስር ደቂቃ ቅዱት፣ አማርኛ ይሁን እንግሊዝኛ ይሁን ግድ የለም። እኔ በአማርኛ ነው የምቀዳው፣ ማታ ሰምቼ ወደ እንግሊዝኛ ስገለብጥ ነገሩ እንደገና በአይኔ ይመጣል። ሲስተማቸው ላይ በቀጥታ አትጻፉ ደግሞ፣ ትንሽ ስትቆዩ ሎግ አውት ያደርግና የጻፋችሁትን ይበላዋል፣ ውጪ ጽፋችሁ ኮፒ ፔስት አድርጉ።

አሁን ኤዲተሩ (ሪፖርቱን የሚያርመው ሰው) ለምን እንደሚመልስባችሁ ልንገራችሁ። እኛ ሰው እንዴት ነበር ሲባል "ጥሩ ልጅ ነው፣ ደህና አድርጎ አስተናገደኝ" ብለን እንጨርሳለን፣ ጨዋነት ነው፣ እዚህ ግን ይሄ ባዶ ነው። "አመናጨቀችኝ" ማለትም አይሰራም። እንዲህ ነው የሚፈልጉት፣ "ስቀርብ ስክሪኑን እያየች ነበር፣ ቀና ሳትል ቀጣይ አለች፣ መልሱን ስትሰጠኝ አላመሰገነችኝም"። መጥፎ ናት አላላችሁም፣ ያየ ሰው ራሱ ይፍረድ። ሌላው፣ ፎርሙ ላይ ከላይ "ሰላም ብሎሃል?" ለሚለው አዎ ብላችሁ ታች ጽሁፉ ላይ ሰላምታውን ካልጠቀሳችሁ ይመለሳል፣ እናንተ ተኝታችኋል፣ ጠዋት ኢሜይሉን ስታዩት መልስ የሚሰጥበት ሰዓት አልፏል። አዎና አይደለሙን ከጨረስኩ በኋላ ነው ጽሁፌን የማነበው፣ አንድ በአንድ እያመሳከርኩ።

አንድ ነገር አለ እስካሁን የሚቆጨኝ። ሁለት የነዳጅ ማደያ በአንድ ከሰአት ሰርቼ፣ መኪና ውስጥ ሳልቀዳ ቤቴ ገብቼ እራት ሰርቼ ልጆች አስተኝቼ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ቁጭ አልኩ፣ በኛ አራት ተኩል። ደክሞኛል፣ ሰዓቱ ይሮጣል። የመጀመሪያው ቤት ያለው ልጅ በር ሳልዘጋ ነው ሰላም ያለኝ፣ የሁለተኛው ዝም። እኔ አገላብጬ ጻፍኩት። ሪፖርቱ በሰዓቱ ገባ፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሰባት ደቂቃ ሲቀረው፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ከሳምንት በኋላ ሱቁ ተከራከረ፣ ካሜራ አይተው ልጁ ሰላም ሲለኝ አገኙት፣ የሁለቱም ክፍያ ቀረብኝ፣ ሾፑን የሚሰጠኝ ካምፓኒም ስድስት ወር ስራ አልሰጠኝም። እሱ ምንም አይደል። ልጁ በነዛ ሰባት ቀናት ምን እንደተባለ ነው የማላውቀው፣ አለቃው ጠርቶ ተቆጥቶት ይሆናል፣ ሺፍቱን ቀንሶበት ይሆናል። በሰአቱ የገባ ውሸት ነው ያስገባሁት።

ስለዚህ ሾፕ ስትመርጡ ጾሙንም እዩት። ሀምበርገር ሾፕ ረቡዕና አርብ ወይ ሁዳዴ ላይ ተቀብላችሁ ሳትቀምሱ "ጣፋጭ ነበር" ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ ሲደርቅ ጓደኛዬ ቀምሶልኛል ማለትም አይሰራም፣ ሪፖርቱ ስር ራሴ ቀምሻለሁ ብላችሁ ነው የምትፈርሙት። በነዛ 55 ቀናት እኔ ባንክ፣ ነዳጅና የአፓርታማ ሾፕ ብቻ ነው የምይዘው፣ ሽሮ እየበላሁ።

ሰዓት እንደማይበቃችሁ ካወቃችሁ ደግሞ ሳይመሽ ለስኬጁለሯ ጻፉላት። እኛ አፍራለሁ፣ ምን ትለኛለች፣ እጨርሰው ይሆናል እያልን እስከ 11፡50 እንቆይና ያኔ ኢሜይል እንልካለን፣ እሷ ተኝታለች። ልጄ የታመመ ቀን ኢመርጀንሲ ሩም ቁጭ ብዬ ከሰአት 3 ሰዓት ላይ ሁለት መስመር ጻፍኩ፣ ሾፑን ሰርቻለሁ፣ ደረሰኙ ይኸው፣ ጽሁፉን ነገ እስከ ምሳ ሰዓት ላስገባ ብዬ። በአስር ደቂቃ ውስጥ እሺ አለችኝ፣ ልጁ እንዴት ነው ብላም ጠየቀችኝ። የእህቴን ልጅ ለመሆኑ ስኬጁለሯን ጠየቅሻት ወይ ብላት፣ "አንቲ እሷን መጠየቅ ይቻላል እንዴ?" አለችኝ።