ባሕሩ ስንት ሰዓት ላይ ይሸሻል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ስለ ጠረፍ ኑሮ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች መርጠናል። መልሱን የጻፉት ለብዙ ዓመታት በመርከብ ላይ የሠሩትና ከዚያ በኋላ አርባ ቤት በማይሞላ የዓሣ አጥማጆች መንደር አሥራ አንድ ዓመት የኖሩት ዓምደኛችን ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ነርስ ነኝ። ባሕርን በፎቶ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። በሚቀጥለው ወር በአንድ የጠረፍ መንደር ሥራ እጀምራለሁ። ከመንደሩ ማዶ ትንሽ ደሴት አለች፤ ውኃው ሲሸሽ በእግር ይኬዳል፣ ሲመለስ ግን መንገዱ ይሰጥማል አሉኝ። እኔ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ለክትባት መሻገር አለብኝ። ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚሸሸው ብዬ ብጠይቅ «እሱማ በየቀኑ ይለያያል» ብለው ሳቁብኝ። በየቀኑ በሚለያይ ነገር ላይ እንዴት ነው ፕሮግራም የሚያዘው?

መልስ፦ ልጄ፣ ሰዎቹ እውነታቸውን ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገሩሽ። ሰዓቱ ቢለያይም እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም። በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ዛሬ ውኃው ጨርሶ የጎደለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ፣ ነገ ወደ 3 ሰዓት ከ50፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ወደ 4 ሰዓት ከ40 ይሆናል። ነገሩ የጨረቃ ነው። ባሕሩን በዋናነት የምትስበው እሷ ናት። ምድር አንድ ዙር ዞራ ስትጨርስ ጨረቃ ትናንት የነበረችበት የለችም፤ በራሷ መንገድ ፈቀቅ ብላለች። ምድር እሷን ለመድረስ ሌላ 50 ደቂቃ ትዞራለች። ስለዚህ የባሕር ቀን 24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው ብለሽ ያዢው። በዚያ ውስጥ በአብዛኛው ጠረፍ ውኃው ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው።

እኔ በኖርኩበት መንደር ቀጠሮ በሰዓት አይሰጥም ነበር። «ውኃው ሲመለስ ና» ነው የሚባለው። የጀልባ ሆድ የሚፋቀው፣ ዛጎል የሚለቀመው፣ የተቀደደ መረብ የሚዘረጋው ሁሉ በውኃው ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁሉም ቦታ አርፍጄ ነበር የምደርሰው። ሰዓቴ ትክክል፣ እኔ ግን ሁልጊዜ ዘግይቼ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፤ ይህን የተማርኩት ጫማዬን ከፍዬ ነው። መርከበኛ ስለነበርኩ ባሕር አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። መርከብ ላይ ያለ ሰው ግን ባሕሩን ከላይ ሆኖ ነው የሚያየው፤ ዳርቻው ሌላ አገር ነው። መንደሩ በገባሁ በሁለተኛው ወር፣ ውኃው በሸሸበት ሰዓት፣ ራቅ ወዳለ የአሸዋ ጉብታ ሄጄ ሸርጣኖች ከጉድጓዳቸው ሲወጡ ሲገቡ ሳይ ቆየሁ። ውኃው መመለስ ጀምሮ ነበር። ሲመጣ አየዋለሁ፣ ግን እንደ ቀንድ አውጣ ነው የሚሄደው። «ገና ነው» አልኩ። ዛጎል ሲለቅሙ የነበሩ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ከወደ መንደሩ ቅርጫታቸውን ከፍ አድርገው ያወዛውዛሉ። ሰላምታ መስሎኝ እኔም እጄን አወዛወዝኩላቸው። ሲጮኹ ነው ዘወር ያልኩት። ዓይኔ ከፊቴ ባለው ባሕር ላይ ነበር፤ ውኃው ግን ዝቅተኛውን ቦይ ተከትሎ ዞሮ ከኋላዬ ገብቷል። እስከ ደረቴ እየጠለቅሁ፣ ጫማዬን አሸዋው ነጥቆኝ ወጣሁ። አሮጊቷ ምንም አላሉኝም። ቅርጫታቸውን አሸከሙኝና ወደ ቤት ሄድን።

ማታ ልጃቸው መሬት ላይ በጣቱ እየጻፈ አንድ ስሌት አሳየኝ፤ በብዙ አገር ያሉ መርከበኞች የሚጠቀሙበት ነው። የሚገባውን ውኃ በሙሉ 12 እጅ አድርገሽ ክፈይው። በመጀመሪያው ሰዓት የሚገባው 1 እጅ ብቻ ነው፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 3፣ በአራተኛውም 3፣ በአምስተኛው 2፣ በስድስተኛው 1። አየሽው? ከጠቅላላው ግማሹ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ነው የሚገባው። ሰውን የሚያታልለው ያ ዝግተኛ የመጀመሪያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ወደ ደሴቲቱ የምትሻገሪው ውኃው ገና እየሸሸ ሳለ ይሁን፤ ጨርሶ ሲጎድል ደግሞ የመልስ መንገድ ላይ መሆን አለብሽ። ክትባቱ ካላለቀ እደሪ። እናቶቹ ፍራሽ አያጡልሽም፤ ቀጣዩ ጉድለት ከ12 ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይመጣል። በ2004 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) በእንግሊዝ ሞርካም በተባለ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ በምሽት ዛጎል ሲለቅሙ ውኃው ተመልሶ ቢያንስ 21 ሰዎች ሰጥመዋል። በዚያ አሸዋ ላይ ተጓዥን የሚያሻግር በመንግሥት የተሾመ መሪ ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አለ፤ አንቺም መሪ ሳትይዢ የመጀመሪያውን ጉዞ አታድርጊ።

ቀኑንም በጨረቃ ምረጪ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ጨርሳ ጠፍታ አዲስ ስትወለድ ፀሐይም በዚያው መስመር ስለምትስብ ሙላቱ ከወትሮው ይበልጣል፣ ጉድለቱም ከወትሮው ይርቃል፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ሁለት ቀን በኋላ ነው የሚታየው። ግማሽ ጨረቃ ሲሆን ልዩነቱ ይጠብባል፤ መንገድሽ ጨርሶ ላይገለጥም ይችላል። የቦታው ነገርም አለ። በካናዳ የፈንዲ ወሽመጥ ውኃው እስከ 16 ሜትር ይወጣል ይወርዳል፤ በቀይ ባሕር መካከል፣ በፖርት ሱዳንና በጅዳ አካባቢ፣ የሙላቱ ልዩነት የለም ማለት ይቀላል። ስለዚህ ያንቺን መንደር ሰንጠረዥ ከወደብ ሰዎች ጠይቂ፤ የዓመቱ ተሠርቶ ይገኛል። ሰንጠረዡ ግን ነፋስ አያውቅም። ከባሕር ወደ የብስ የሚገፋ ኃይለኛ ነፋስ ሲኖር ውኃው ከተጻፈው በላይ ይሞላል፣ ቀድሞም ይደርሳል።

አንድ ሽሽት ደግሞ ሰንጠረዥ ላይ የለም። ምድር ረዘም ላለ ጊዜ ከተንቀጠቀጠች፣ ወይም ባሕሩ ያለ ሰዓቱ ዓሣውን አሸዋ ላይ ጥሎ ከሸሸ፣ ቦርሳሽን እንኳ ሳታነሺ ወደ ከፍታ ሩጪ። የኢንዶኔዥያዋ ሲሙሉ ደሴት ሰዎች በ1907 ብዙ ሕዝብ ከጨረሰባቸው የመንቀጥቀጥ ማዕበል (ሱናሚ) በኋላ ይህን ለልጅ ልጆቻቸው በተረትና በእንጉርጉሮ አወረሱ፤ ማዕበሉን «ስሞንግ» ይሉታል። ታኅሣሥ 2004 በአውሮፓ አቆጣጠር ማዕበሉ ሲመጣ 78,000 ያህል ሕዝብ ከነበራት ደሴት የሞቱት ሰባት ብቻ ናቸው። ደግሞም ሁሉም ማዕበል ሸሽቶ አያስጠነቅቅም፤ መንቀጥቀጡ ከተሰማሽ ሽሽቱን ቆመሽ አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ አያቴ «ማታ ሰማይ ከቀላ ነገ ብራ ነው» ይሉ ነበር። አማቼ ጠረፍ ሄዶ ከኖረ ወዲህ «ይህ አባባል እዚህ አይሠራም» እያለ ይከራከረኛል። አያቴ ተሳስተዋል?

መልስ፦ አያትዎ አልተሳሳቱም፣ አማችዎም አልተሳሳተም፤ የተለያየ ነፋስ ውስጥ ሆነው ነው የሚከራከሩት። አባባሉ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ላይም ስላለ ረጅም ዕድሜ አለው። የተባለውም ዝናብ ከምዕራብ በሚመጣበት አገር ነው። ማታ ሰማዩ የሚቀላው በምዕራብ በኩል ለፀሐይዋ ብርሃን የተከፈተ ደመና አልባ ሰማይ ሲኖር ነው። የነገው አየር የሚመጣው ከዚያው ከምዕራብ ከሆነ፣ ጥርቱ ወደ እርስዎ እየመጣ ነው ማለት ነው። ከምድር ወገብ ግራና ቀኝ ባለው ሰፊ ቀበቶ ግን ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ነው የሚነፍሰው። እዚያ የምዕራቡ ጥርት ያለፈው ነው፤ የሚመጣው ከጀርባዎ ነው።

አማችዎ የሚያየውን ልንገርዎ። የብስ ከውኃ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። ረፋዱ ላይ የሞቀው አየር ከየብስ ሲነሣ ቀዝቃዛው ከባሕር ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ሌሊት ይገለበጥና ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። ሸራ ብቻ ያላቸው ጎረቤቶቼ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በዚያ ነፋስ ይወጡ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሌላው ይመለሳሉ። ለሁለቱም መንገድ ነዳጅ አልከፈሉም። እኔ ትንበያዬን የምይዘው ከሰማዩ ቀለም ሳይሆን ከዚህ ነው። ፀሐይ ወጥታ፣ እስከ እኩለ ቀን ድረስ የባሕሩ ነፋስ ካልገባ፣ ከሩቅ የበረታ ሌላ ነፋስ ይዞታል ማለት ነው። ነፋስ ሳይኖር ረዘም ረዘም ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚንከባለሉ ሞገዶች መምጣት ከጀመሩ ደግሞ የሆነ ቦታ ወጀብ አለ፤ ሞገዱ ከወጀቡ ቀድሞ ነው የሚደርሰው።

መንደራችን ውስጥ፣ በረዶ የሚሸጥበት ክፍል ግድግዳ ላይ፣ የአየር ግፊት የሚለካ አንድ አሮጌ ባሮሜትር ተሰቅሎ ነበር። የሚያልፍ ሁሉ በጣቱ ኳ አድርጎት ያልፋል፤ መርፌው ወረድ ካለ ወጀብ ሊመጣ ነው ተብሎ ጀልባዎቹ ወደ የብስ ይጎተታሉ። ይህ ልማድ ታሪክ አለው። በ1859 አንድ ትልቅ ወጀብ በብሪታንያ ጠረፍ ላይ «ሮያል ቻርተር» የተባለችውን መርከብ ከ400 በላይ ሰው ይዛ ካሰጠመ በኋላ፣ አድሚራል ሮበርት ፊዝሮይ በ1861 ለመርከቦች የወጀብ ማስጠንቀቂያ መስጠት ጀመረ፤ በዓሣ አጥማጆች መንደሮችም ባሮሜትር አስቀመጠ። መርፌዋ የቀላ ሰማይ አላየችም፣ አያትም የላትም፤ ግን ከሁለታችሁም ጋር አትከራከርም።

ጥያቄ፦ ጠረፍ ላይ የሠራሁት ቤት ቆርቆሮ በሦስት ዓመት በሰበሰ። የሸጠልኝ ሰው «ዝናቡ ነው» ይለኛል። እውነት ዝናብ ነው?

መልስ፦ ዝናብስ ባለውለታዎ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ሞገድ ሲሰበር የሚረጨው ነጠብጣብ ያንን ጨው ጣሪያዎ ላይ ያስቀምጠዋል። ጨው ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ብረቱ ፀሐይ ላይ ሆኖ እንኳ አይደርቅም። ዝናብ ያጥበዋል። እስኪ ጎንበስ ብለው የክዳኑን ጠርዝ ከሥር ይመልከቱ፤ ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ቀድሞ በስብሶ ያገኙታል። በየጊዜው በንጹሕ ውኃ ከሥርም ያስረጩት። አሉሚኒየም ከገዙ ደግሞ በተራ የብረት ወይም በመዳብ ሚስማር አይምቱት፤ ሁለት ዓይነት ብረት በጨው ውኃ ሲነካካ እንደ ባትሪ ሆኖ አንዱ አንዱን ይበላዋል። የሚቀጥለውን ቤት ከዳርቻው ጥቂት መቶ ሜትር ገባ አድርገው ቢሠሩት ልዩነቱን ያዩታል።

የበር ቁልፍ ነገር ግን አይጠይቁኝ። እኔ በአሥራ አንድ ዓመት አራት ቀይሬ አምስተኛውን አልገዛሁም፤ በሩን በዓሣ መረብ ገመድ ማሰር ጀመርኩ።