ሰው ሰራሽ ዲስክ ለማን ይሆናል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 44 ነው፤ ሱሉልታ እየኖርኩ በአይሱዙ ጭነት እሠራለሁ። ወገቤን ካመመኝ ሁለት ዓመት አለፈ፤ አንዳንዴ በግራ እግሬ እስከ ጣቴ ይወርዳል። ኤምአርአይ ተነስቼ «ኤል 5 ኤስ 1 ላይ ያለው ዲስክ (በወገብ ታችኛው ጫፍ በሁለት አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) አልቋል» ተባልኩ። ዘመዶቼ «በብሎን ከምትታሰር ውጭ አገር ሄደህ ሰው ሰራሽ ዲስክ አስገባ» ይሉኛል። ያዋጣኛል? ስንት ዓመትስ ያገለግላል?

መልስ፦ ገንዘብ ከማሰባሰብዎ በፊት ሕመሙ ከየት እንደሚነሳ ይለይልዎ። እግርዎ ላይ የሚወርደው ነርቭ ተጭኖ ከሆነና ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ፣ ብዙ ጊዜ የሚበቃው የወጣውን የዲስክ ቁራጭ ብቻ ማንሳት ነው። ሰው ሰራሽ ዲስክ የሚታሰበው ዲስኩ ራሱ የሕመሙ ምንጭ ሲሆንና ቢያንስ 6 ወር በወጉ የተሠራ ፊዚዮቴራፒ ሳይረዳ ሲቀር ነው። ሁለት ቀን ሄዶ መተው አይቆጠርም።

ዕቃው በብዛት ሁለት የብረት ሳህንና በመካከላቸው የሚንቀሳቀስ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ቻሪቴ የተባለው በምሥራቅ በርሊን እ.ኤ.አ. በ1984 ተጀምሮ አሜሪካ በ2004 ፈቀደችው። አከርካሪን በብሎን ከማጣበቅ ጋር ሲነጻጸር፣ በደንብ በተመረጡ ሕመምተኞች ላይ እንደማያንስ ታይቷል፤ ብልጫው ግን ዘመዶችዎ እንደሚያወሩት የሰፋ አይደለም። ከ10 ዓመት በላይ የቆየላቸው አሉ፣ የዕድሜ ልክ ዋስትና ግን ማንም አይሰጥዎትም።

የሚበላሸው በአብዛኛው ከምርጫው ነው። አጥንቱ ከሳሳ ሳህኑ ክረምት ጭቃ ላይ እንደቆመ የወንበር እግር እየሰመጠ ይሄዳል። ከኋላ ያሉት ትንንሾቹ የአከርካሪ መገጣጠሚያዎች ካለቁ ደግሞ፣ አዲሱ ዲስክ መንቀሳቀሱ እነሱን እያሻሸ ሕመሙን ያቆየዋል። ስለዚህ ኤምአርአይ ብቻውን አይበቃም፤ ጎንበስና ቀና ብለው የሚነሱት ራጅና የአጥንት ጥንካሬ ልኬት ያስፈልጋል።

ሱሉልታ የወተት አገር ስለሆነች አንድ ነገር እንጨምር፦ ጥሬ ወተት የሚያመጣው ብሩሴላም ሆነ የአከርካሪ ቲቢ የዲስክ ሕመም መስሎ ይመጣል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ አስቀድመው ይመርመሩ፤ ኢንፌክሽን ባለበት ቦታ ዕቃ አይገባም።

የወገብ ዲስክ የሚገባው በሆድ በኩል፣ ትልልቅ የደም ሥሮችን ወደ ጎን ገፍቶ ነው። የእርስዎ ዲስክ ባለበት በኤል 5 ኤስ 1 ፊት ለፊት የሚያልፉ ነርቮች ከተጎዱ ዘር ወደ ሽንት ፊኛ ሊመለስ ይችላል፤ ገና መውለድ ካሰቡ ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ። ዕቃው ተበላሽቶ ዳግም በዚያው መንገድ መግባት ደግሞ ከመጀመሪያው ይከፋል፤ የደም ሥሮቹ በጠባሳ ተጣብቀው ይጠብቃሉ።

መቀመጫዎ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም እግርዎ ከዛለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግቡ፤ ወጌሻ ዘንድ አይሂዱ።

ውጭ ሄደው ካሠሩ የዕቃውን ስም፣ መጠንና መለያ ቁጥር የያዘውን ካርድ ከቀዶ ሕክምናው ማስታወሻና ከራጁ ሲዲ ጋር ይዘው ይመለሱ። አዲስ አበባ የሚከታተልዎት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎ እሱን ነው።