ለመንገድ የሚሆን ታጣፊ የሕፃን ጋሪ፦ ከጎጃም ወላጆች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ስትሮለርም በሉት የሕፃን ጋሪ፣ ለጉዞ የሚሆነውን ስለመምረጥ ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ብዙ ጥያቄ መጥቷል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ሜትር ያዙ። ሻጭ «ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው» ይላል፤ ትንሽነቱ በሴንቲ ሜትር፣ ቅለቱ በኪሎ እስኪነገራችሁ ድረስ ገና ምንም አልተነገራችሁም። ሱቅ ወለል ላይ ደግሞ የማይንሸራተት ጋሪ የለም፤ ደጃችሁ ያለውን መንገድ በዓይናችሁ ይዛችሁ ምረጡ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ልንሄድ ነው። «ካቢን ይገባል» ተብሎ የተጻፈበት ጋሪ እውነት ይገባል?

ጽሑፉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አምራቾች እንዲህ ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት የዓለም አቀፉን የአየር ትራንስፖርት ማኅበር መጠን ነው፤ እሱም 56 በ45 በ25 ሴንቲ ሜትር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ መንገደኛ የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ ደግሞ 55 በ40 በ23 ሲሆን ክብደቱ 7 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ዮዮ የሚባለው ስሙ የገነነ ጋሪ ሲታጠፍ 52 በ44 በ18 ስለሚሆን በመጀመሪያው ልክ ይገባል፣ በሁለተኛው ወርዱ በ4 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ጂቢ ፖኪት የሚባለው ሲታጠፍ 35 በ30 በ18 ገደማ ስለሆነ በሁለቱም አያስቸግርም።

በአገር ውስጥ በረራ የሚመደበው ኪው 400 አውሮፕላን ከራስ በላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫው ጠባብ ስለሆነ፣ ጋሪያችሁ በር ላይ ተቀብለው ከታች እንደሚጭኑት አስባችሁ ተዘጋጁ። ትኬት ስትቆርጡ ሕፃንና ታጣፊ ጋሪ እንዳላችሁ አስመዝግቡ። የታችኛውን ቅርጫት ባዶ አድርጉ፤ የሚነቀል የፊት መያዣና የኩባያ መያዣ ካለው ነቅላችሁ በእጅ ቦርሳ ክተቱ፤ ማጠፊያው መቆለፉን ነቅነቅ አድርጋችሁ አረጋግጡ። ከዚያ በከረጢት ይግባ። ጭነት ላይ የሚሰበረው ሁልጊዜ ወጣ ብሎ የቀረው ክፍል ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ወንድ ልጅ ወልጄ በ40 ቀኑ ክርስትና ለማስነሣት ወደ ቢቸና ልንወስደው ነው። ታጣፊ ጋሪ ይሆነዋል?

እንኳን ማርያም ማረችሽ እኅቴ። አብዛኞቹ ትንንሽ ጋሪዎች ከ6 ወር በኋላ ላለ ልጅ የተሠሩ ናቸው፤ መለያው ላይም ይጻፋል። ምክንያቱ አንገቱ ነው። የ40 ቀን ልጅ ቀና ባለ መቀመጫ ላይ እንቅልፍ ሲወስደው አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና የአየር መተላለፊያው ይጠባል፤ ድምፅ ስለማያሰማም ሰው ልብ አይለውም። የ80 ቀን ሴት ልጅም ቢሆን ነገሩ ያው ነው።

ስለዚህ የምትፈልጊው «ከልደት ጀምሮ» የሚል መለያ ያለውና መደገፊያው ከ150 ዲግሪ በላይ የሚዘረጋ ነው። 180 ዲግሪ እንደ ሰሌን ልሙጥ ማለት ነው። 130 ወይም 140 ላይ የሚቆም ጋሪ ለዓይን የተኛ ይመስላል፣ ለአራስ ግን አይሆንም። ስልክ ላይ ባለው የዲግሪ መለኪያ መደገፊያውንና መቀመጫውን ለየብቻ ለክተሽ አመሳክሪ። እንደ ዮዮ ያሉት ለአራስ የሚሆነውን መኝታ ለብቻው ስለሚሸጡ፣ ጋሪውን ብቻ ገዝቶ አለቀ ማለት የለም። አንድ ነገር አደራ፦ ጎድጎድ ያለውን ለማስተካከል ብለሽ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ከራሱ ሥር አታድርጊ። አገጩን ይበልጥ ወደ ደረቱ ይገፋዋል።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ ኮብልስቶንና ጠጠር ላይ ስንገፋው ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ፊተኛው ጎማም እየታጠፈ ይቆማል። ጥፋቱ የእኛ ነው የጋሪው?

ከሁሉ በላይ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው። ጥፋቱ የጎማው መጠን ነው። ትንሽ ሆኖ እንዲታጠፍ ሲባል ጎማው ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይደረጋል። ጎማ ባነሰ ቁጥር በድንጋዮቹ መካከል ወዳለው ክፍተት ጠልቆ ይገባል፤ ለመውጣት ደግሞ ሽቅብ መጋጨት አለበት። ፊተኛው ራሱን ስለሚያዞር ከመውጣት ይልቅ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ያኔ ጋሪው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ፈጠን ብላችሁ ከሆነ ደግሞ ወደ ፊት ይደፋል።

አሁን በእጃችሁ ባለው ጋሪ የምታደርጉት ይህ ነው። ከፊተኛው ጎማ በላይ ትንሽ መቀርቀሪያ ካለ ወደ ታች ግፉት፤ ጎማው ቀጥ ብሎ ይቆለፋል። መንገዱ በጣም ሲከፋ ጋሪውን አዙራችሁ ወደ ኋላ ጎትቱት። የኋላው ጎማ ወደ ጎን ስለማይዞር መሰናክሉን ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ፊተኛው ተከትሎ ይመጣል።

ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ጎማውን በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት። እንደ ሳህን ጠንክሮ «ጧ» የሚል ፕላስቲክ ከሆነ ተዉት፤ ንዝረቱን ሁሉ ለልጁ ያስተላልፋል። ጥፍር ጥቂት የሚገባበት ስፖንጅ መሰል ጎማ ቀላልና ለስላሳ ነው፣ ግን ጠጠር ቶሎ ይበላዋል። ከሁሉ የሚሻለው እንደ መኪና ጎማ ላስቲክ የለበሰ ወይም ወፈር ያለ ለስላሳ ሽፋን ያለው ነው። ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሠሩ ቀጫጭን ጎማዎች በመካከላቸው ጠጠር ይቀረቅራሉ፤ ነጠላና ወፍራም ይሻላል። በአየር የሚነፋው ለገጠር መንገድ ምቹ ቢሆንም ሲታጠፍ ትልቅ ነው፣ እሾህም ይበሳዋል፣ በልኩ ከለመዳሪያ ማግኘት ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው።

የባሕር ዳር አስፋልትና የጣና ዳር መንገድ ሜዳ ስለሆነ 13 ሴንቲ ሜትር ጎማ ይበቃል። ለእንጅባራ፣ ለፍኖተ ሰላም፣ ለማርቆስ የውስጥ መንገድ ግን 5 ኪሎ የሚመዝነውን ትቼ 7 ወይም 8 ኪሎ የሆነውንና 15 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ጎማ ያለውን እመክራለሁ። የ2 ወይም የ3 ኪሎ ሸክም ለአፍታ ነው፤ የጎማው ጣጣ ግን መንገዱን ሙሉ ነው።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ በሚኒባስና በአውቶብስ ስንሄድ የት እናስቀምጠው?

ቢቻል ውስጥ፣ እግራችሁ ሥር ወይም ከኋለኛው ወንበር ጀርባ። ፖርቶ መጋላ ላይ ከወጣ በማዳበሪያ ከትታችሁ ስጡ፣ ከእህል ጆንያ በላይ እንጂ በታች እንዳይሆን ረዳቱን ንገሩት፤ ገመዱም በብረቱ ውስጥ ይለፍ። በጥላው ላይ የተጠፈረ ገመድ የጥላውን አጥንት ይሰብረዋል። ልጁን ጋሪው ላይ እንዳለ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ግን በፍጹም አይሆንም። የጋሪ ፍሬን የተሠራው ለቆመ መሬት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድና ወደ ደጀን ሲወጣ ያለውን ጥምዝምዝ ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ላይ አይዝም።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ አንዱን ልጅ አዝዬ ሌላውን በጋሪ ነው የምሄደው። በአንድ እጅ የሚታጠፈው የትኛው ነው?

አስተጣጠፉ ሦስት ዓይነት ነው። እንደ ጃንጥላ የሚሰበሰበው ቀጭንና ረጅም ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ዓይነት የፈለሰፈው ለስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን ማረፊያ እግር የነደፈው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኦዌን ማክላረን ነው፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1965። ብዙውን ጊዜ ሁለት እጅና አንድ እግር ይፈልጋል። ሁለተኛው እንደ መጽሐፍ ሁለት ላይ የሚታጠፍ ነው፤ በአንድ እጅ የሚታጠፉት አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ናቸው፣ ግን ሲታጠፉ ይሰፋሉ። ሦስተኛው ሦስት ላይ ታጥፎ እንደ ቦርሳ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው ነው።

ለአንቺ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ይሻላል። ሱቅ ውስጥ ሻጩ ሲያጥፈው ብቻ አይተሽ አትመለሺ። ቦርሳሽን ጀርባሽ ላይ አዝለሽ ራስሽ አምስት ጊዜ ዘርጊው፣ አምስት ጊዜ እጠፊው። ለማጠፍ ጎንበስ ማለት የሚያስገድድሽ ከሆነ ከታዘለ ልጅ ጋር ይከብድሻል። ስታጥፊውና ስትዘረጊው የሌላውን ልጅ እጅ ከመገጣጠሚያው አርቂ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ጋሪዎች ለጥገና የተጠሩት የልጆች ጣት በመገጣጠሚያው መካከል እየተቆረጠ ስላስቸገረ ነበር።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ፀሐዩ ሲበረታ ጋሪውን ነጠላ እናለብሰዋለን። ችግር አለው?

አለው። ነጠላ ስስ ቢሆንም ጋሪውን ዙሪያውን ሲሸፍን አየሩ መውጫ ያጣል፣ ውስጡ ከውጪው ይበልጥ ይሞቃል፤ ልጁንም እንዳታዩት ይጋርዳል። ጥላው እስከ ልጁ ጉልበት የሚወርድ፣ ከኋላው የመረብ መስኮት ያለው ጋሪ ምረጡ። ጥላው አጭር ከሆነ ነጠላውን ከላይ ብቻ አጥልቁት፣ ፊቱና ጎኑ ክፍት ይሁን። ጣና ዳር ለትንኝ ስስ የአጎበር ጨርቅ በቂ ነው።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ከዓረብ አገር የመጣ ያገለገለ ጋሪ በርካሽ አገኘን። ምኑን እንይ?

ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ዘርግታችሁ ሜዳ ላይ አቁሙና ዝቅ ብላችሁ ከፊቱ እዩት፤ አራቱም ጎማ መሬት ካልነካ ብረቱ ተጣሟል፣ እሱ አይቃናም። ቀጥሎ 10 ኪሎ ጤፍ ወይም ስኳር መቀመጫው ላይ አስቀምጡና እጀታውን ወደ ታች ጫን፣ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። ማጠፊያው ጠቅ ብሎ መቆለፍ አለበት፤ ከተንሸራተተ ወይም ሁለተኛው መቆለፊያ ከጎደለ ተዉት። ልጁ ተቀምጦ ሳለ ይታጠፋልና።

ከዚያ ፍሬኑን ረግጣችሁ ዳገት ላይ ከነሸክሙ አቁሙት። ሁለቱም የኋላ ጎማ መያዝ አለበት፣ የአንዱ ጎን ብቻ ከያዘ እየዞረ ይወርዳል። ቀበቶው በሁለት ትከሻ፣ በሁለት ወገብና በእግሮቹ መካከል፣ በአምስት ቦታ የሚይዝ ይሁን፤ የመካከለኛው ከሌለ ልጁ ሾልኮ ይወርዳል። ስፌቱን በጣታችሁ ጎትቱት፤ ፀሐይ የበላው ክር ይላላል። በመጨረሻ ጎማውን ይዛችሁ ግራና ቀኝ ወዝውዙት። ጥቂት መላወስ ያለ ነው፤ ቀዳዳው ሰፍቶ የሚንገዳገድ ከሆነ ግን ሲገፋ ይርገፈገፋል፣ መለዋወጫውም አይገኝም።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ክረምት ላይ ጭቃ ጎማውን ይይዘዋል፤ ሲደርቅ ይንጫጫል። ግሪስ እናድርግበት?

ግሪስ አይሁን። አቧራና ዋልካ ይሰበስብና እንደ ወፍጮ ይፈጫል። ዋልካው ሳይደርቅ በእንጨት ፍቁ፣ በውኃ እጠቡ። ጎማው በቁልፍ የሚነቀል ከሆነ ንቀሉትና በዘንጉ ላይ የተጠመጠመውን ፀጉርና ክር በመቀስ ቁረጡ፤ የጩኸቱ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። በደንብ ሲደርቅ ሲሊኮን ስፕሬይ፣ ከታጣም አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጋችሁ የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ዘንቢል እጀታው ላይ ብናንጠለጥልስ?

አይሆንም። 6 ኪሎ ጋሪ፣ 9 ኪሎ ልጅ፣ ከኋላ 4 ኪሎ ዘንቢል፦ ልጁን ያነሣችሁ ጊዜ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ልጁ እያለበትም የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ስትወጡ ሊገለበጥ ይችላል። ዕቃ ከታች ቅርጫቱ ውስጥ ይሁን፣ ቅርጫቱ ላይ ከተጻፈው ኪሎም አይለፍ።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ እስከ ስንት ዓመት ያገለግላል?

ዕድሜውን ትታችሁ ኪሎውን እዩ። መለያው 15 ኪሎ ወይም 22 ኪሎ ይላል። 15 የሚለው ብዙውን ጊዜ ልጁ 3 ዓመት ገደማ ሲሆን ይሞላል፤ 22 የሚለው 4 ዓመት ያደርሳል።

ጥያቄ (የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ እናት፣ ከአዴት)፦ ልጄ፣ አንቀልባ እያለ ይህ ሁሉ ወጪ ምን ያደርጋል?

እማማ፣ እውነትዎን ነው፤ ጋሪ የማይደርስበት ብዙ ቦታ አለ። ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወስደው የድንጋይ መንገድ፣ የዘጌ ገዳማት የጫካ መንገድ፣ በጀልባ መውጣትና መውረድ ሁሉ የአንቀልባ ነው። እዚያ ጋሪ የሚወስድ ሰው መልሶ ጋሪውን ራሱን ይሸከመዋል። ጋሪ የሚጠቅመው ሜዳ ላይ ረጅም ሰዓት ሲሆን፣ አውሮፕላን ማረፊያና ሆስፒታል ወረፋ ሲያስጠብቅ፣ የሚያዝለውም ሰው ወገቡን ሲያመው ነው። ሁለቱ ካሉ አንቀልባው በጋሪው ቅርጫት ይጓዛል። ሲያዝሉት ፊቱ ጀርባዎ ላይ እንዳይለጠፍ ወደ ጎን ያዙሩት፤ በበረሃ መንገድ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ አንገቱን ከኋላ በእጅዎ ይንኩት። ካላበው አውርደው ጡት ወይም ውኃ ያሰጡት፤ 6 ወር ያልሞላው ከሆነ ጡት ብቻ።